የተረት ሙግት በገርጂ

የሺአረግ ነገርን በባዶው መናገር አይሆንላትም። ውሃ ሲጠፋ ተረት፣ ውሃ ሲመጣ ተረት፣ ሽንኩርት ሲወደድ ተረት፤ ሐሳቧን በምሳሌ ጠቅልላ ካላቀረበች የተናገረች አይመስላትም። ቦሌ ውስጥ ባለ የማስታወቂያ ድርጅት የምትሠራው የመጨረሻ ልጇ ሀይሚ አንዳንዴ ትማረርባታለች።

«እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ኖርማል አማርኛ ብታወሪ ምን አለበት?»

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ትላትና የሺአረግ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አመሉ የመጣው ከድሮ ሥራዋ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። ክፍለ ሀገር ለመደወል ሰው ተራ ይዞ በሚጠብቅበት ዘመን የደሴውን ከአዲስ አበባው፣ የጅማውን ከነቀምቴው የምታገናኘው እሷ ነበረች። መስመሩ ጭር ሲል ታዲያ ኦፕሬተሮቹ እርስ በርስ ይጫወታሉ። የደሴዋ አንድ ተረት ትወረውራለች፣ የጅማው ይመልሳል፣ የጎንደሯ ሁለቱንም ታስቃቸዋለች። የሺአረግ ባልደረቦቿን በመልክ ሳታውቃቸው፣ የአገሩን ሁሉ አባባል በጆሮዋ ለቅማ አጠራቀመች።

ይህ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር ለቁም ነገር የዋለው ግን ዘንድሮ ነው፤ ያውም ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በአንዲት ሜዳ ምክንያት።

ሜዳዋ በብሎክ ዘጠኝና በብሎክ ዐሥር መካከል ያለች፣ ሣር እንኳን የማይበቅልባት፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ የሆነች ቦታ ናት። ልጆቹ ኳስ ይጫወቱባታል። የብሎክ ዐሥር ሰዎች ደግሞ መኪና ያቆሙባታል። ሁለቱ ተቻችለው ሲኖሩ፣ አንድ ቀን የተለጋ ኳስ የአንዱን መኪና ስፖኪዮ ይዞት ሄደ። በሳምንቱ የብሎክ ዐሥር ባለመኪኖች ሜዳውን በሽቦ አጠሩት። ልጆቹም ኳሳቸውን ታቅፈው ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ባጃጁ መሀል ወጡ።

የብሎክ ዘጠኝ እናቶች ጮኹ። የብሎክ ዐሥር አባቶች ጮኹ። ስብሰባ ተጠራ፣ ተበተነ፣ እንደገና ተጠራ። ሰላምታ የተቋረጠባቸው ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

የብሎክ ዐሥር አፈ ጉባኤ አቶ ተስፋልደት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በጥብቅና የኖሩ፣ አሁንም ቤታቸው ውስጥ ክራቫት የሚያስሩ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ዕፀገነት የየሺአረግ የገበያ ጓደኛ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዘንቢል ሁለት ሆነው ተሸክመው ይመለሳሉ። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ነገር በሰፈሩ የሚያነሣ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቲማቲም እየመረጡ ሳሉ፣ ዕፀገነት ራሷ አንሥታው ነበር። «ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አልመጣም» አለችና ቲማቲሙን ገለበጥ አድርጋ አየችው። የሺአረግ ያን ቀን፣ በሕይወቷ አንዴ፣ የምትተርተው አጣች።

እንግዲህ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። የብሎክ ዘጠኟ የሺአረግ ትዕግሥቷ አለቀና ብድግ አለች።

«ልጆቹ አስፋልት ላይ ናቸው! ባጃጅ እስኪገጫቸው ነው የምንጠብቀው? ሳይቃጠል በቅጠል!»

አቶ ተስፋልደት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ ተኮሳትረው የነበሩ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ፊት ጎተቱ። የሺአረግ ልቧ ሲዘል ተሰማት። ስንት ዓመት ሆኗታል እንዲህ ወርውራ እንዲህ ከተመለሰላት! ጆሮዋ ላይ ያ የድሮው ማዞሪያ ጢጥ ጢጥ ሲል የሰማች መሰላት። አቶ ተስፋልደትም ዐይናቸው በርቷል፤ እጃቸው ክራቫታቸውን ያስተካክላል።

ይህን ጊዜ ሐጂ ሰይድ እጃቸውን አነሡ። ሐጂ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ሁለቱም ብሎክ ከሳቸው ይገዛል፣ ሁለቱም ብሎክ ያከብራቸዋል።

«ስሙኝማ» አሉ። «ስንት ጊዜ ተሰበሰብን፣ ዱላ ቀረሽ ተጨቃጨቅን። ዛሬ ገና ሰው ሲስቅ አየሁ። በድሮ ጊዜ ባላጋራ ከባላጋራው ‹በላ ልበልሃ› ተባብሎ፣ አደባባይ ቆሞ፣ በአንደበቱ ነበር የሚረታው። እነዚህ ሁለቱ አንደበት አላቸው። ለምን በተረት አይሟገቱም? የረታው ብሎክ ሜዳውን ይውሰድ፤ የተረታው አፉን ይያዝ።»

መጀመሪያ ሁሉም እንደ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «እስማማለሁ!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ስብሰባው እንደ ሠርግ ቤት ሞቀ። ለእሑድ ተቀጠረ።

ሕጉን ያወጡት ሐጂ ናቸው። አንዱ ተረት ይወረውራል፤ ሌላው ያንን የሚገለብጥ ተረት መመለስ አለበት። የተገለበጠበት ሰው መልሶ መገልበጥ ከቻለ ይገልብጥ፤ ካልቻለ ተራው የመላሹ ይሆናል። አንዴ የተባለ አይደገምም። ከራስ መፍጠር ክልክል ነው፤ አባቶች ያሉት ብቻ። ሐጂ የአንድ እጃቸውን ጣቶች አጥፈው እስኪጨርሱ ያልመለሰ ተረታ። አውሮፕላን ሲያልፍ ግን ምንም ስለማይሰማ ጣት ማጠፉ ይቆማል። ገርጂ ላይ ይህ ሕግ የግድ ነው።

ያ ሳምንት ለየሺአረግ እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ጠዋት ስትነሣ ተረት፣ ወጥ ስታማስል ተረት። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ከሾፌሩ ጀርባ የተለጠፈውን ጥቅስ አንብባ፣ ተቃራኒውን ሳታገኝ አትወርድም። አንድ ቀን እንዲያውም ተቃራኒውን ስትፈልግ መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ደሴ ላለችው ለጥንቷ ባልደረባዋ ደወለች። ያቺም ሴትዮ ጉዳዩን ስትሰማ ከሳቋ ብዛት ስልኩን ጣለችው፤ ስታነሣው የጣለችበትን የሚያስረሳ የወሎ ተረት እንደ በረዶ አወረደችላት።

ሀይሚ እንኳን ልቧ ተነካ። «እማዬ፣ ስልኬን ልጠይቅልሽ? በሰከንድ ሺህ ተረት ያመጣል እኮ።»

«ስልክሽ ተርቦ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አማት አለው?»

«እማዬ ደግሞ!»

«እንግዲያው ምኑን ይተርታል?» አለችና የሺአረግ ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች።

ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ ዕፀገነት መንገዱን ሙሉ ሳቀች። «በቤቴ እሱ ይለማመዳል፣ በገበያ አንቺ። ትናንት ጨው አቀብለኝ ብለው ‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ› አለኝ እኮ!»

«ነገ ማንን ልትደግፊ ነው?» አለቻት የሺአረግ።

«ከፊት ወንበር ተቀምጬ ሁለታችሁንም አጨበጭብላችኋለሁ» አለች ዕፀገነት። «ሰውዬው ግን እንዲህ ሲደሰት ካየሁት ቆይቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሎበት ነበር። ርቺው፤ ግን ቶሎ አትርቺው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽቦው ለጊዜው ተጠቀለለና የእድሩ ድንኳን ሜዳው ላይ ተተከለ። ከሁለቱ ብሎክ ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ያለው ኮንዶሚኒየም ሁሉ ጎረፈ። ወንበር ያላገኘ በረንዳ ላይ ወጣ፤ በረንዳ የሌለው ደረጃ ላይ ቆመ። ልጆቹ ከድንኳኑ ፊት መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ሀይሚ ስልኳን እንጨት ላይ አስራ በቀጥታ ታስተላልፋለች፤ «ጋይስ፣ ላይቭ ነን! እናቴን ታያላችሁ!» እያለች። ማይክ የያዘው የወጣቶቹ ተወካይ ቃልአብ ነው። ከሁሉም በፊት ድምፁ የዘጋው እሱ ነው።

የሺአረግ ተነሥታ ድንኳኑ ውስጥ ወደተዘጋጀው መድረክ ወጣች። ማዞሪያ ላይ ስትሠራ ሰው አያያትም ነበር። አሁን ስንት መቶ ዐይን! አቶ ተስፋልደት ግን ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ችሎት እንደሚገባ ሰው ለሐጂ እጅ ነሡ፤ ለእሷም እጅ ነሡ። ያን ስታይ ፍርሃቷ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

ዕጣው ለአቶ ተስፋልደት ደረሰ። አልቆዩም።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል!»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!» አለች የሺአረግ፤ ሐጂ አንድ ጣት እንኳን አላጠፉም።

ብሎክ ዘጠኝ አጨበጨበ። ተራው የእሷ ሆነ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት!»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» አሉ አቶ ተስፋልደት፤ ብሎክ ዐሥር ጮኸ። ወዲያው ቀጠሉ። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም!»

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል!»

«ወይ ደጃዝማች የሺአረግ!» አለ አንድ ከበረንዳ፤ ሜዳው በሳቅ ታመሰ።

«ዘር ከልጓም ይስባል!» ወረወረች።

አቶ ተስፋልደት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም አሉ። የሐጂ ጣት ታጠፈ። ሁለተኛው ታጠፈ። ሦስተኛው ሲታጠፍ ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!»

እሷ ራሷ ሳታስበው አጨበጨበች። ብሎክ ዘጠኞች «ምን ነካሽ፣ የማን ነሽ?» እያሉ ጮኹባት። ምን ታድርግ? ልክ የገባ ኳስ ነው፤ ጎል ጎል ነው። ደግሞ ሲያስቡት የሚገርም ነገር ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ልጅ ቁርጥ አባቱን፣ ሌላው ማንንም ያልመሰለበት ቤት የቱ ነው? አባቶች አንዱን ብቻ ብለው ቢተዉት ኖሮ ውሸታቸው ነበር። ሁለቱንም ስላሉ ነው ሰው ያወቁት።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!» አሉ አቶ ተስፋልደት።

የሐጂ ጣት ታጠፈ። ይህን ጊዜ ከወደ ቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በኮንዶሚኒየሙ አናት ላይ እያጓራ መጣ። ሐጂ አንድ ጣት የታጠፈበትን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቀሩ። ሕዝቡ ሁሉ አንጋጦ ጠበቀ። ድምፁ ሳይርቅ የሺአረግ ወደ ማይኩ ተጠጋች።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው!»

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ፣ «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም!» አለች።

«ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም!»

ኧረ ጉድ! ሐጂ ሰይድ ዳኝነታቸውን ረስተው ጭናቸውን መቱ። አንዲት የብሎክ ዐሥር ሴትዮ እልል አለች። የሺአረግ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም፤ መቼ እንደወደቀ አታውቅም። እንዲህ ያለ ደስታ በዚህ ዕድሜ ይገኛል ብላ አስባ አታውቅም። ጨዋታው እንዳያልቅባት ፈራች።

አቶ ተስፋልደት አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ገቡ። በእጃቸው መሬት ላይ የተኮለኮሉትን ልጆች አመለከቱ።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ!»

ልጆቹ «ኡኡ!» አሉ።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው!» አለች የሺአረግ። ከልጆቹ መሀል የአንዱ አፍንጫ እውነትም ፈስሶ ነበርና ሜዳው በአንድ ጊዜ ወደሱ ዞረ። ሳቁ ከበረንዳ በረንዳ ተቀባበለ። ብሎክ ዘጠኝ አለቀለት ብሎ መዝፈን ጀመረ።

አቶ ተስፋልደት ግን እጃቸውን አነሡ። «መልሼ እገለብጣለሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

የብሎክ ዘጠኝ ዘፈን ተቋረጠ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

ብሎክ ዐሥር ከወንበሩ ተነሣ። የሐጂ ጣት ታጠፈ። የሺአረግ ፈለገች። ስለ ልጅ የምታውቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት፤ አንዱም ግን የሚገለብጥ አይደለም። ሁለተኛው ጣት። «በርቺ እትዬ የሺአረግ!» ይላሉ ልጆቹ። ሦስተኛው ጣት። አራተኛው ጣት መታጠፍ ሲጀምር ምላሷ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ያልወለደ አንጀት…»

ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። የዚያን ተረት ጅራት በሜዳው ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጅ ያልወለደ ሰው ርኅራኄ የለውም የሚል ክፉ ጅራት ነው። ይገለብጣል። ይረታል። በአንድ ቃል ሜዳው የብሎክ ዘጠኝ ይሆናል።

ከፊት ወንበር ዕፀገነት ተቀምጣለች። ለማጨብጨብ ያዘጋጀቻቸው ሁለት እጆቿ አየር ላይ እንዳሉ ቀርተዋል።

ሳቁ ሁሉ እንደ መብራት ጠፋ። አቶ ተስፋልደት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ተከራካሪ አልመሰሉም፣ ሽማግሌ ብቻ መሰሉ። እና እዚያ ላይ፣ ደግሞ እንደገና፣ አውሮፕላን መጣ። ሐጂ አራተኛ ጣታቸውን በግማሽ አጥፈው ያዙት። ያ ግማሽ ቃል በየሺአረግና በዕፀገነት መሀል ተንጠልጥሎ፣ አውሮፕላኑ በአናታቸው ላይ ሲያልፍ፣ የሺአረግ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን ነገር አደረገች። የለቀመችውን ሁሉ ጣለች። የደሴዋን፣ የጅማውን፣ የጎንደሯን፣ የእናቷን። በባዶ እጇ ጓደኛዋን አየች። ዕፀገነት ስንት ጊዜ ነው ደረጃ ላይ የወደቀ ልጅ አንሥታ ጉልበቱን ያጠበችው? ከሐጂ ሱቅ ስትወጣ ከረሜላ ያልያዘችበት ቀን አለ? እነዚህ የተኮለኮሉ ሁሉ ስሟን እንኳን አይጠሩም፤ «እምዬ» ነው የሚሏት።

አውሮፕላኑ ሄደ። አንድ ሕፃን ብቻ ሩቅ ቦታ ያለቅሳል።

«ያልወለደ አንጀት» አለች የሺአረግ፣ ቀስ ብላ፣ «ለሰፈር ልጅ ቤት።»

ከዚያ ሜዳው ፈነዳ።

«ፈጠራ ነው!» አለ ብሎክ ዐሥር። «ሕግ ተጥሷል!»

«ምን ፈጠራ ነው? ቤት መትቷል፣ ገልብጧል!» አለ ብሎክ ዘጠኝ።

ወንበር ወደቀ። ቃልአብ በተዘጋ ድምፁ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ሐጂ ሰይድ ተነሥተው ቆሙ፤ ያኔ ሰው ተቀመጠ።

«ወይዘሮ የሺአረግ» አሉ። «በእውነት ይንገሩኝ። ይህን ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ብሎክ ዘጠኝ አቃሰተ። የሺአረግ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን ከመሬት አነሣች። ገርሟታል፤ አላዘነችም። እንዲያውም ልቧ አሁንም ይዘላል። ልጆቹ ግን አሳዘኗት። «ሕግ ሕግ ነው፤ ተረትቻለሁ» አለችና ከመድረኩ ለመውረድ አንድ እግሯን አነሣች።

«ክቡር ዳኛ!»

አቶ ተስፋልደት ነበሩ። ክራቫታቸውን አጥብቀው ቆመዋል። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አይደለም።

«አቤቱታ አለኝ።»

«ያሰሙ» አሉ ሐጂ፣ ግራ ገብቷቸው።

«ሕጋችን አባቶች ያሉት ብቻ ይላል። እሺ። አባቶችስ ከማን ሰሙት? የመጀመሪያው ሰው ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› ሲል አጠገቡ የነበረው ‹ፈጠራ ነው› ቢለው ኖሮ ዛሬ አንድም ተረት አይኖረንም ነበር!»

«ልክ ነው!» አለ አንድ ከደረጃው፤ ከብሎክ ዐሥር ሰዎች መሀል ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ለማን ነው የሚከራከሩት?» የሚል ተሰማ። አቶ ተስፋልደት ዞር ብለውም አላዩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሟገት ይህን ተምሬያለሁ» አሉ። «አንድ ሰው ሲናገረው ንግግር ነው። ተረት የሚያደርገው ሁለተኛው ነው፤ ሰምቶ፣ ወዶ፣ በራሱ አፍ የደገመው። ስለዚህ ይህ ቃል ተረት ለመሆን የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከማይኩ ራቁ። ወደ ፊት ወንበር ሄዱ፤ ከዕፀገነት ፊት ቆሙ። አብረው አርጅተው፣ ሰው ፊት እጇን ይዘው አያውቁም። አሁን ያን አየር ላይ የቀረ እጇን ያዙት።

«ያልወለደ አንጀት፣ ለሰፈር ልጅ ቤት» አሉ።

ዕፀገነት አለቀሰች፤ ደግሞ ሳቀች። ከመሬት የተቀመጡት ልጆች ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ቃሉ ለአፍ ስለጣፈጣቸው ብቻ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት፤ «ያልወለደ አንጀት፣ ለሰፈር ልጅ ቤት! ያልወለደ አንጀት፣ ለሰፈር ልጅ ቤት!» በረንዳው ተቀበለ። ደረጃው ተቀበለ። ብሎክ ዐሥርም፣ መጀመሪያ በከንፈሩ፣ ኋላ በጉሮሮው ሙሉ፣ ተቀበለ።

ሐጂ ሰይድ ዐይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ሁለተኛ አፍ ተፈልጎ መቶ አፍ ተገኘ። ተረት ነው ብያለሁ። ብሎክ ዘጠኝ ረትቷል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሀይሚ እንኳን በስልኳ አልያዘችውም፤ ስልኩን ጥላ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ነበርና። ልጆቹ የተጠቀለለውን ሽቦ እየጎተቱ ሜዳውን ዞሩት። ኳስ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ ጨዋታ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ጎል የገባው በዳኛው ወንበር እግሮች መሀል ነው።

ሁሉም ሰው ደስ አለው ማለት ግን አይደለም። ከብሎክ ዐሥር ባለመኪኖች አንዳንዶቹ «ጠበቃችን ለተቃራኒ ተከራከረ» ብለው አቶ ተስፋልደትን ለጥቂት ቀናት አኮረፏቸው። መኪናቸውን ከጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ማቆም ሲለምዱ ኩርፊያውም ለቀቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሺአረግና ዕፀገነት ዘንቢሉን ለሁለት ይዘው ከገበያ ሲመለሱ፣ የሺአረግ አላስችል አላት።

«ያን ቀን ምን ልል እንደነበር…»

«አውቃለሁ» አለች ዕፀገነት።

«ይቅር በዪኝ፤ ምላሴ ነው የቀደመኝ።»

«ስሚ የሺ። ያን ተረት ሙሽራ ከሆንኩ ጀምሮ ከጀርባዬ ሰምቼዋለሁ። በሠርግ ቤት፣ በልቅሶ ቤት፣ አማቴ ቤት። ሰው ሁሉ እስከ ጫፉ ይዞት ይሄዳል። መሀል ላይ ይዞ ያጠፈው ሰው ያየሁት ባለፈው እሑድ ነው።» ዘንቢሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ትናንት አንዱ ኮልኮሌ ልጅ በሬን አንኳኩቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ቤታችን ነው ተብሏል፤ ውሃ ስጪን› አለኝ። ስድስት ሆነው ገቡ! ጫማቸውን እንኳን አላወለቁም!»

የሺአረግ መንገድ ላይ ቆማ እስኪያማት ሳቀች።

ቪዲዮውን ሰው ሁሉ ተቀባበለው። ሰኞ ዕለት ቦሌ ቡልቡላ ካለ ኮንዶሚኒየም ለሐጂ ሰይድ ስልክ ተደወለ። እዚያም ጎረቤትና ጎረቤት የሚያጣላ የውሃ ሮቶ አለ፤ እዚያም ተረት አዋቂ ነን የሚሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ የገርጂዎቹ ካልፈሩ መጥተው መጀመሪያ እነሱን ይሞክሯቸው የሚል ነበር መልእክቱ። የሺአረግ ሐጂ ሲነግሯት የያዘችውን የዘይት ጀሪካን መሬት አስቀመጠች።

«ካልፈሩ? እኛ?» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቡልቡላ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሦስቱ ከኋላ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ፤ የሺአረግ በመስኮት፣ ዕፀገነት መሀል፣ አቶ ተስፋልደት በዳር። ሀይሚ ከፊታቸው ተቀምጣ ስልኳን ለቀረጻ ታዘጋጃለች። መኪናዋ ገና ከመንቀሳቀሷ አቶ ተስፋልደት በሚስታቸው ትከሻ ላይ አጎንብሰው፣ ሌላ ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይዘሮ የሺአረግ፣ መጀመሪያ በየትኛው እንግጠማቸው? በለስላሳው ነው ወይስ በሚናከሰው?»

«በሚናከሰው!» አለች የሺአረግ፤ ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አያት።